ያውቁ ኖሯል? የጠላው እርሾ ሲርበው

ጎጃም፣ ሉማሜ ላይ ጋኑ በወይራ ታጥኖ፣ ጌሾና ብቅሉ ገብቶ፣ ድፍድፉ ከተከደነ በኋላ ሥራውን የሚረከበው እርሾ፣ ለአንድ ጃፓናዊ ሳይንቲስት የኖቤል ሽልማት ያስገኘው ያው እርሾ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ሳይንሳዊ ስሙ ሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲዬ ይባላል። ጠላውንም ጠጁንም በዋናነት የሚያፈላው እሱ ነው። ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ2016 የሕክምናውን ኖቤል ለብቻቸው የወሰዱት ይህንኑ እርሾ አስርበው ባዩት ነገር ነው። (እዚህ ዓምድ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ያዩትስ ምን ነበር? በ1988፣ በ43 ዓመታቸው፣ የራሳቸውን ትንሽ ቤተ ሙከራ ሲከፍቱ ሌሎች ተመራማሪዎች ችላ ያሉትን የእርሾ ክፍል መረጡ፤ ቫኪዩል የሚባለውን፣ አሲድና መፍጫ ኢንዛይም የሞላበትን ከረጢት። ከዚያ መፍጫ ኢንዛይሞቹ የማይሠሩለትን የእርሾ ዘር ወስደው ምግብ ከለከሉት። በሰዓታት ውስጥ ቫኪዩሉ በሚንቀጠቀጡ ድቡልቡል ነገሮች ተሞላ። ለማየት የተራቀቀ መሣሪያ አላስፈለገም፤ በተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ይታዩ ነበር። የተራበው ሕዋስ የገዛ አካሉን እየጠቀለለ ወደ መፍጫው ልኳል፤ መፍጫው ስለማይሠራ ግን የተላከው ሁሉ እዚያው ተከማችቶ ቀርቷል።

ይህ ሥርዓት ኦቶፋጂ ይባላል። ስሙን በ1963 ያወጡለት ቤልጂየማዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ ናቸው። እሳቸውም በ1974 ኖቤል ተሸልመዋል። በስሙና በኦሱሚ ግኝት መካከል 30 ዓመት ገደማ አለፈ፤ ሁሉም ነገሩ እንዳለ ያውቅ ነበር፣ በየትኛው ጂን እንደሚሠራ ግን ማንም አያውቅም ነበር። ኦሱሚና ሚኪ ጹካዳ በ1993 ሥርዓቱ የተበላሸባቸውን እርሾዎች ለይተው 15 ጂኖችን መዘገቡ። ዛሬ በእርሾ ብቻ ከ40 በላይ ታውቀዋል። ኤቲጂ1፣ ኤቲጂ2፣ ኤቲጂ8 እየተባሉ በቁጥር ይጠራሉ፤ እኛም እንዲሁ እንጠራቸዋለን።

ጉሹ ሰክኖ ስኳሩ ሲያልቅ ከጋኑ ሥር የሚዘቅጠው እርሾም ረሃብ ላይ ነው። አተላ ብለን ለከብት የምንሰጠው ነገር ውስጥ ሕዋሳት የገዛ አካላቸውን እየፈጩ ለመቆየት ይታገላሉ።

አንድ ጎልማሳ ሰው በቀን 70 ግራም ያህል ፕሮቲን ቢመገብ፣ ሰውነቱ በዚያው ቀን ከ200 እስከ 300 ግራም አዲስ ፕሮቲን እንደሚሠራ ያውቁ ኖሯል? ልዩነቱ የሚሞላው ካረጀው ነው። አሮጌው ፕሮቲን ተፈጭቶ አሚኖ አሲድ ይሆናል፤ አሚኖ አሲዱ ተመልሶ ለአዲስ ሥራ ይውላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ከኤቲጂ ጂኖች የሚሠሩት ፕሮቲኖች ጠባያቸው እንግዳ ነው፤ ብዙዎቹ ቋሚ ቅርጽ የሌለው ክፍል አላቸው።

ትምህርት ቤት የተማርነው ሌላ ነበር። ጀርመናዊው ኤሚል ፊሸር በ1894 ኢንዛይምንና የሚሠራበትን ነገር በቁልፍና በቁልፍ ቀዳዳ መስለው ነበር፤ አንዱ ለሌላው ልክ የተቀረጸ፣ የማይነቃነቅ። በ1958 አሜሪካዊው ዳንኤል ኮሽላንድ ፕሮቲኑ ከባልደረባው ጋር ሲገናኝ ቅርጹን ያስተካክላል ብለው ተከራከሩ። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ጆን ኬንድሩና ባልደረቦቻቸው የመጀመሪያውን የፕሮቲን ቅርጽ፣ የዓሣ ነባሪ ጡንቻ ማዮግሎቢንን፣ በኤክስሬይ አሳዩ። ምስሉ ሲወጣ የፊሸር ቁልፍ ድል አደረገ ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት ፕሮቲን ማለት እንደ ሐውልት የቆመ ቅርጽ ሆኖ በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ተሳለ።

ነገር ግን ከሰው ፕሮቲኖች ብዙዎቹ ረዘም ያለ ልል ክፍል አላቸው፤ አሚኖ አሲዶቹ ሳይታጠፉ፣ ሳይጠቀለሉ፣ በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ እየተወዛወዙ ይኖራሉ። ኦቶፋጂ ላይ የሚሠሩት ደግሞ በዚህ በኩል የታወቁ ናቸው። በቡሄ ሰሞን የጎጃም ልጆች የሚያጮሁትን ጅራፍ ያስቡ፤ እጀታው ደረቅ እንጨት ነው፣ መንደር ለመንደር የሚሰማው ጩኸት ግን የሚወጣው ከልሉ ጫፍ ነው። እነዚህም ፕሮቲኖች ጽኑ እጀታ አላቸው፤ ሥራው ያለው ግን ጅራታቸው ላይ ነው።

ለረጅም ጊዜ ይህ ለምን አልታየም? ፕሮቲንን በኤክስሬይ ለማየት መጀመሪያ ክሪስታል መሥራት ያስፈልጋል። ልል ጅራት ያለው ፕሮቲን ደግሞ ክሪስታል መሆን እምቢ ይላል። ቢሆንም እንኳ ልሉ ክፍል በየቅጂው የተለያየ ቦታ ላይ ስለሚገኝ ከምስሉ ይጠፋል፤ በሥዕሉ ላይ በነጠብጣብ መስመር ይታለፋል። ተመራማሪዎች መፍትሔ አገኙ፤ ጅራቱን ቆርጠው ጣሉና የቀረውን ክሪስታል አደረጉት። ምስሉ አማረ። የተቆረጠው ግን ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚሠራው ክፍል ነበር። ይህን ያህል ዓመት በተቆራረጠ ምስል ማስተማራችን ትንሽ ያስቃል፤ ያኔ ሌላ መንገድ እንዳልነበረም መካድ አይቻልም።

ረሃቡን ማን ለሕዋሱ ይነግራል? ቶር የሚባል ኢንዛይም አለ። ምግብ ሲኖር፣ በተለይ አሚኖ አሲድ ሲበዛ፣ ቶር ይነቃና ኦቶፋጂን ያግዳል። የሚያግድበት ዘዴ ከልል ፕሮቲን ጋር የተያያዘ ነው። ኤቲጂ13 አብዛኛው ርዝመቱ ልል ነው። ቶር በዚህ ልል ገመድ ላይ በብዙ ቦታ ፎስፌት የሚባል ትንሽ ኬሚካል ይለጥፍበታል፤ ፎስፌት የተለጠፈበት ኤቲጂ13 ከባልደረቦቹ ጋር አይያያዝም። ምግብ ሲጠፋ ቶር ይተኛል፣ ፎስፌቱ ይረግፋል፣ ኤቲጂ13 ደግሞ ኤቲጂ1ንና ኤቲጂ17ን ያገናኛል። አንድ ጽኑ ቅርጽ ያለው ፕሮቲን በዚህን ያህል ቦታ በአንድ ጊዜ ለኢንዛይም ተጋልጦ መቆየት ባልቻለ ነበር፤ ልሉ ግን ርዝመቱ በሙሉ ደጅ ነው።

ቶርን የሚያስተኛው መድኃኒት ራፓማይሲን መጀመሪያ የተገኘው ከኢስተር ደሴት አፈር እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? የደሴቲቱ ነዋሪዎች አገራቸውን ራፓ ኑይ ይሏታል፤ የመድኃኒቱም ስም ከዚያ መጣ። አፈሩን ከዚያ ይዞ የወጣው በ1964 ወደ ደሴቲቱ የተጓዘ የካናዳ የሕክምና ቡድን ነው። ዛሬ ኩላሊት የተተካላቸው ሰዎች ሰውነታቸው አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋ ይወስዱታል።

በ2020 ጃፓን ውስጥ የኖቡኦ ኖዳ ቡድን ሌላ ነገር አሳየ። ኤቲጂ13ና ባልደረቦቹ እርሾ ውስጥ ሲሰበሰቡ የሚሠሩት ጠጣር ነገር አይደለም፤ የፈሳሽ ጠብታ ነው። ጠብታው ይዋሃዳል፣ ይለያያል፣ ሞለኪውሎች ይገቡበታል ይወጡበታል። ጠብታ ሊሆን የቻለው ደግሞ ልሎቹ ክፍሎች እርስ በርስ በላላ፣ በሚፈታና በሚታሰር ግንኙነት ስለሚያያዙ ነው። የኦቶፋጂ ሥራ የሚጀመርበት ቦታ እንግዲህ ግድግዳ የለውም።

ሁሉም ልል ነው ማለት ግን አይደለም። ኤቲጂ17 እንደ አዲስ ጨረቃ የጎበጠ ጽኑ ፕሮቲን ሲሆን ሁለቱ ተያይዘው የላቲኑን ኤስ ፊደል ቅርጽ ይሠራሉ። ኤቲጂ2 ደግሞ 20 ናኖሜትር ያህል ርዝመት ያለው በትር ነው፤ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በበትሩ ላይ ቁመቱን ሙሉ ቦይ ተቦርቡሯል። ስብ በዚያ ቦይ እየፈሰሰ፣ ሕዋሱ የሚፈጨውን ለመጠቅለል ወደሚሠራው ከረጢት ይገባል።

የከረጢቱ ሥራ ራሱ ቁጥሩ ያስደነግጣል። ኦቶፋጎሶም የሚባለው ይህ ከረጢት ድርብ ሽፋን አለው፤ በአሥር ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከምንም ተነሥቶ ያድጋል፣ ይጎብጣል፣ አፉን ይዘጋል። ለአንዱ ከረጢት በሚሊዮን የሚቆጠሩ የስብ ሞለኪውሎች ያስፈልጋሉ። ስቡን ኤቲጂ2 ያመጣል፤ የሚያመጣው ግን ከሁለቱ የሽፋኑ ገጾች ወደ አንደኛው ብቻ ነው። አንድ ገጽ ብቻ ቢያድግ ሽፋኑ ይቀደድ ነበር። በ2020 እንደታወቀው ስቡን ወደ ሌላው ገጽ የሚያገላብጠው ኤቲጂ9 ነው፤ ሦስት ሆኖ ተጣምሮ ይቆማል። የኤቲጂ9 መሐሉ ሽፋን ውስጥ የተተከለ ጽኑ ክፍል ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ ግን ልል ናቸው፣ ባልደረቦቹን የሚይዘውም ትእዛዝ የሚቀበለውም በእነሱ ነው።

ኤቲጂ8 ትንሽ ነው። በእርሾ 117 አሚኖ አሲድ ብቻ። መሐሉ ዩቢኩዊቲን የተባለውን፣ ሊወገድ በሚገባው ነገር ላይ እንደ ምልክት የሚለጠፈውን ባለ 76 አሚኖ አሲድ ፕሮቲን ይመስላል፤ የዩቢኩዊቲን ሥራ የታወቀበት ጥናት በ2004 የኬሚስትሪ ኖቤል አስገኝቷል። ኤቲጂ4 የሚባል መቁረጫ የኤቲጂ8ን የመጨረሻ አሚኖ አሲድ ቆርጦ ይጥላል። አንዱን ብቻ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ይጋለጥና ከስብ ሞለኪውል ጋር በኬሚካል ይያያዛል፤ በዚህም ኤቲጂ8 ከረጢቱ ላይ ተሰክቶ ይቀራል። ፕሮቲን ከስብ ጋር እንዲህ መጋጠሙ በ2000 ከኦሱሚ ቤተ ሙከራ ሲወጣ ብዙዎችን አስገርሟል፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ጋብቻ በዩቢኩዊቲን ቤተሰብ አይታወቅም ነበርና።

ጋብቻውን የሚፈጽመው ኤቲጂ3 ደግሞ ልል ጅራት አለው። የጅራቱ መጀመሪያ ሽፋን ሲነካ ይጠቀለላል፤ የሚወደውም በጣም የጎበጠ ሽፋን ነው። የሚያድገው ከረጢት ጠርዝ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የጎበጠው ቦታ ነው። ስለዚህ ኤቲጂ3 ሥራውን የት መሥራት እንዳለበት ማንም ሳይነግረው ጅራቱ ያገኘዋል።

ሰው ውስጥ የኤቲጂ8 ዘመዶች ስድስት ያህል ናቸው፤ ታዋቂው ኤልሲ3 ይባላል። በየትኛውም የኦቶፋጂ ቤተ ሙከራ ቢገቡ ስሙን ይሰማሉ፤ ኦቶፋጂ እየተካሄደ ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነውና።

ከረጢቱ የሚውጠውን እንዴት ይመርጣል? በአራት አሚኖ አሲድ። ሊዋጥ የሚገባውን ይዞ የሚመጣው ፕሮቲን ልል ክፍሉ ላይ አጭር ምልክት አለው፤ የመጀመሪያውና አራተኛው አሚኖ አሲድ የተወሰኑ ናቸው፣ መሐል ያሉት ሁለቱ እንደልባቸው ሊለዋወጡ ይችላሉ። ኤልሲ3 ላይ ሁለት ጉድጓዶች አሉ፤ ሁለቱ ቋሚ አሚኖ አሲዶች በየጉድጓዳቸው ይገባሉ። ሲገቡ ያ ሲወዛወዝ የነበረው ልል ክር ቀጥ ብሎ የኤልሲ3 ገላ አካል ይሆናል። ከመገናኘታቸው በፊት ቅርጽ አልነበረውም፤ ቅርጹን የሰጠው መገናኘቱ ነው። ፊሸር ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?

ፒ62 የሚባለው ተሸካሚ 440 አሚኖ አሲድ አለው። በአንድ ጫፉ ከመሰሎቹ ጋር እየተያያዘ ክር ይሠራል፣ በሌላው ጫፉ ዩቢኩዊቲን የተለጠፈበትን ቆሻሻ ይይዛል፣ መሐል ባለው ረጅም ልል ክፍል ላይ ደግሞ ያ ባለ አራት ምልክት ተንጠልጥሏል። ከመጠን በላይ የሚጠጡ ሰዎች ጉበት ውስጥ ፍራንክ ማሎሪ በ1911 የገለጹት እብጠት መሰል ክምችት ይገኛል፤ ዛሬ ሲመረመር ፒ62 የሞላበት ነው። አረቄ አዘውታሪዎች ቢያውቁት አይከፋም።

አሁን በጣም ወደምወደው ፕሮቲን ደርሰናል። ቤክሊን 1 ይባላል፤ 450 አሚኖ አሲድ አለው፤ ያገኙት አሜሪካዊቷ ሐኪም ቤት ሌቪን ናቸው፣ በ1998። በቀጣዩ ዓመት ይህ የሰው ጂን የተበላሸ የእርሾ ጂንን ሊተካ እንደሚችልና ዕጢ እንዳያድግ እንደሚያግዝ አሳዩ። የቤክሊን 1 መጀመሪያ ክፍል ልል ነው። በዚያ ልል ክፍል ውስጥ አንድ አጭር ቁራጭ አለች፤ ብቻዋን ስትሆን ቅርጽ የላትም፣ ቢሲኤል2 የሚባል ፕሮቲን ሲመጣ ግን ተጠቅልላ ጉድጓዱ ውስጥ ትገባለች። ስትገባ ቤክሊን 1 ይታሰራል፣ ኦቶፋጂም ይቀንሳል። ረሃብ ሲመጣ ይፈታል።

የሌቪን ቡድን በ2018 ያደረገው ይህን ነው። በአይጦች ላይ በዚያች ቁራጭ ውስጥ ያለውን 121ኛውን አሚኖ አሲድ በሌላ ለወጠ፤ ፌኒልአላኒን የነበረውን አላኒን አደረገው። አንዱን ብቻ። ቤክሊን 1 ከቢሲኤል2 ጋር ያለው እስራት ላላ፣ ኦቶፋጂ ከፍ አለ፣ አይጦቹም ከሌሎቹ የበለጠ ዕድሜ ኖሩ፤ ልባቸውና ኩላሊታቸውም በእርጅና ያነሰ ጉዳት ታየባቸው። ሌቪን በ2020 አረፉ። ይህ ሁሉ ውጤት የተገኘው ለረጅም ጊዜ ክሪስታል አይሆንም ተብሎ ከሚቆረጠው ክፍል መሆኑን ልብ ይበሉ።

ከቤተ ሙከራ ወጥተን ማሳ እንግባ። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ሲጓዙ ሉማሜ ዙሪያ፣ ወደ ብቸናና ሞጣም ሲያቀኑ፣ ኅዳር ላይ የጤፉ ማሳ ሲበስል ኦቶፋጂ በየቅጠሉ እየተካሄደ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ቅጠል ውስጥ ያለው አብዛኛው ናይትሮጂን የታሰረው አረንጓዴው ክፍል፣ ክሎሮፕላስት ውስጥ ነው። ቅጠሉ ሲያረጅ የክሎሮፕላስቱ ፕሮቲኖች ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ተጠቅልለው ወደ ቫኪዩል ይሄዳሉ፣ ይፈጫሉ፣ ናይትሮጂናቸው ወደ ፍሬው ይጓዛል። ገበሬው በሐምሌና በነሐሴ የበተነው ዩሪያ ከፊሉ በዚህ መንገድ እንጀራ ይሆናል። በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ኤቲጂ12 የጎደለው በቆሎ ናይትሮጂን ባነሰበት መሬት የሚሰጠው ፍሬ ይቀንሳል። ማዳበሪያ ውድ በሆነበት አገር የሰብል ምርምር ይህን መስመር አጥብቆ ሊይዘው ይገባል እላለሁ።

ጤፍ ራሱ የልል ፕሮቲን ጎተራ ነው። አንድ ሺህ ፍሬው ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም፤ ያም ሆኖ ደርቆ ከርሞ ዝናብ ሲያገኝ ይበቅላል። እንደ ሌሎቹ የእህል ዘሮች ፍሬው ሲደርቅ ሊ የሚባሉ ፕሮቲኖች ይከማቻሉ፤ መጀመሪያ የታወቁት በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጥጥ ፍሬ ነው። እርጥበት ሲኖር ልል ናቸው፣ ውሃ ሲጠፋ ግን ይጠቀለላሉ። ከአብዛኛው ፕሮቲን በተቃራኒ፣ ድርቀት እነሱን ቅርጽ ያስይዛቸዋል።

የጤፍ የዘር መረጃ መጀመሪያ የተነበበው በ2014 ነው፤ ጸደይ በተባለው ዝርያ ላይ፣ ያኔ በስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ በነበሩት ኢትዮጵያዊው ዘሪሁን ታደለ ቡድን ተሳትፎ። በ2020 ደግሞ ዳቢ የተባለው ዝርያ በተሻለ ጥራት ተነበበ። በዚያው ዓመት ጤፍ ከዘመዱ ከኢራግሮስቲስ ኒንደንሲስ ጋር ተነጻጸረ። ይህ የደቡብ አፍሪካ ምድር ሣር ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ደርቆ፣ ዝናብ ሲመጣ ያው ቅጠል ዳግም ይለመልማል። ጤፍ ይህን ማድረግ የሚችለው ፍሬው ላይ ብቻ ነው፤ ዘመዱ የፍሬውን ብልሃት ቅጠሉ ላይ አውሎታል። አውስትራሊያ ውስጥ በ2015 ትራይፖጎን በተባለ ሌላ እንዲህ ያለ ሣር ላይ በተደረገ ጥናት፣ ድርቀቱን ከሚያሳልፍባቸው መንገዶች አንዱ ኦቶፋጂ ሆኖ ተገኝቷል።

ወደ ጾሙ ደግሞ እንምጣ፤ ብዙ አንባቢ የሚጠብቀው እሱን ነውና። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የሰባቱን አጽዋማት ሁሉ የሚጾም ሰው በዓመት ከ180 እስከ 250 ቀን ይጾማል። ከ2016ቱ ኖቤል በኋላ «ጾም ኦቶፋጂን ያነቃል» የሚል ወሬ በየስልኩ ተበተነ፤ «በ16ኛው ሰዓት ይጀምራል» የሚልም አለ። ይህ ሰዓት በሰው ላይ የተረጋገጠ አይደለም። የሚታወቀው የአይጥ ነገር ነው፤ በ2004 ኖቦሩ ሚዙሺማ ኤልሲ3ን እንዲያበራ አድርገው አይጦችን 24 ሰዓት ሲያስርቡ በአብዛኛው አካላቸው ኦቶፋጂ ጨመረ፣ በአንጎላቸው ግን አልታየም። የአይጥ አንድ ቀን የሰው አንድ ቀን አይደለም፤ ሰውነቷ ምግብን በጣም ፈጥኖ የሚያነድ ስለሆነ በአንድ ቀን ረሃብ ብዙ ክብደት ትቀንሳለች። ሰው ላይ ለመለካት ደግሞ ከጉበት ወይም ከጡንቻ ሥጋ መቁረጥ ሊያስፈልግ ይችላል።

ሌላም አለ። የጾም ገበታው ሽሮና ምስር አሚኖ አሲድ የሞላባቸው ናቸው። ቶር ጾምና ፍስክ አይለይም፤ አሚኖ አሲድ ካገኘ ይነቃል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩት ሰዓታትና ከዚያ በኋላ የሚበላው ምግብ በሕዋስ ዘንድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጾሙን የሚጾም በሃይማኖቱ ይጹም፤ ለኦቶፋጂ ብሎ የሚጾም የስኳር ሕመምተኛ ግን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ኦቶፋጂ ደግሞ በጠገበ ሰውም ቢሆን ፈጽሞ አይቆምም፤ ዝቅ ብሎ ይቀጥላል እንጂ።

እትብቱ ሲቆረጥ ምን እንደሚሆን ያውቁ ኖሯል? ከእናት በእትብት ይመጣ የነበረው ምግብ በድንገት ይቋረጣል፤ ጡቱ እስኪመጣ ሰዓታት አሉ። አይጦች ላይ በዚህ ሰዓት ኦቶፋጂ በኃይል ይጨምራል። ኤቲጂ5 የሌላቸው ግልገሎች ሲወለዱ ደህና ይመስላሉ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ግን ይሞታሉ።

ክሎሮኪንን የማያውቅ የለም። ወደ ዓባይ ሸለቆ ቆላ ወርዶ የሚያርስ ሰው ወባ ይዞት ሲመለስ ስንት ጊዜ ውጦታል! ኢትዮጵያ ፋልሲፓረም ለሚባለው ወባ ክሎሮኪንን ከተወች ቆይታለች፤ በ2004 መደበኛው መድኃኒት ኮአርተም ሆነ። ቫይቫክስ ለሚባለው ግን እስካሁን ይታዘዛል። በዓለም ቤተ ሙከራዎች ይኸው ክሎሮኪን ኦቶፋጂን ለማቆም የሚፈስ መደበኛ ኬሚካል ነው። የመፍጫውን ከረጢት አሲድ ያከሽፋል፤ የሚገባው ይገባል፣ የሚፈጭ ግን የለም። ኦሱሚ በእርሾ ጂን ያደረጉትን በኪኒን ማድረግ ማለት ነው።

የወባ ተውሳክም ኤቲጂ8 አለው። የሚጠቀምበት ግን ራሱን ለመፍጨት ብቻ አይደለም፤ አፒኮፕላስት የሚባል፣ ከጥንት አልጌ የወረሰው ክፍል ውስጡ አለ፣ ኤቲጂ8 ይህን ክፍል ጠብቆ ለልጆቹ ያወርስለታል። ኤቲጂ8ና ኤቲጂ3 የሚገናኙበትን ቦታ ዘግቶ ተውሳኩን መግደል ይቻል እንደሆነ ተመራማሪዎች እየሞከሩ ነው። የሊሽማንያ ተውሳክ ደግሞ ሰውን ወደሚያጠቃው ቅርጹ ለመለወጥ ኦቶፋጂ ያስፈልገዋል። ከጎጃም ደጋ ለአጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርዱ ወጣቶች ካላአዛር የሚይዛቸው ከዚህ ወገን ባለ ተውሳክ ነው።

ቀይ የደም ሕዋስ፣ ለሕዋሳት ኃይል የሚያመነጨው ሚቶኮንድሪያ የለውም። ሲፈጠር ነበረው፤ ሲበስል ግን ኒክስ የሚባል ፕሮቲን ልል ክፍሉ ላይ ባለው ባለ አራት ምልክት ኤልሲ3ን ይጠራና ሚቶኮንድሪያዎቹ ይዋጣሉ። ሰውነትዎ በሴኮንድ ሁለት ሚሊዮን ያህል ቀይ ሕዋስ ይሠራል፤ ይህን ዓረፍተ ነገር አንብበው እስኪጨርሱ ስንት ሚቶኮንድሪያ እንደተዋጠ እርስዎ ያስሉት።

ፓርኪን የሚባለው ፕሮቲን ሲበላሽ ገና በወጣትነት የሚጀምር የፓርኪንሰን ሕመም ያመጣል፤ ጂኑ የታወቀው በ1998 ጃፓን ውስጥ ነው። በተለመደው ጊዜ ፕሮቲኑ ተጣጥፎ የተዘጋ ነው። ሚቶኮንድሪያ ሲጎዳ ፎስፌት ይለጠፍበትና ይከፈታል፣ የተጎዳውን ለመዋጥ ምልክት ያደርግበታል።

የፕሮቲኖችን ቅርጽ ለማየት ኃይለኛ ኤክስሬይ የሚያመነጨው ሲንክሮትሮን የሚባል ግዙፍ መሣሪያ በአፍሪካ አህጉር አንድም የለም፤ ቅርብ የሚባለው በ2017 ሥራ የጀመረው የዮርዳኖሱ ነው። ግን ያለ መሣሪያውም ቅርጽ ማየት እየተቻለ ነው። አልፋፎልድ የተባለው ፕሮግራም የፕሮቲንን ቅርጽ ከአሚኖ አሲዱ ቅደም ተከተል ይገምታል፤ ፈጣሪዎቹ ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ከዴቪድ ቤከር ጋር ተካፈሉ። ከ200 ሚሊዮን በላይ ቅርጾች በነፃ ተለቀዋል፣ ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ከሉማሜ በሞባይል ዳታ ይከፈታሉ። ቤክሊን 1ን ፈልገው ያውጡ። ፕሮግራሙ እርግጠኛ የሆነበትን በሰማያዊ፣ ያልሆነበትን በቢጫና በብርቱካናማ ይቀባል። የመጀመሪያው ክፍል ብርቱካናማ ሆኖ ተንዘርፍፎ ያገኙታል። የፕሮግራሙ ስሕተት መስሎ ሊታይዎ ይችላል፤ የሌቪን ቡድን በአይጦች ላይ የለወጠው አሚኖ አሲድ ያለው ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ነው።